የአያቴ ነጠላ ስክሪን ላይ ነጭ፣ ወረቀት ላይ አረንጓዴ፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶን ከስክሪን ጋር ስለ ማስማማት

የሞጣው፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ጥቅምት ሞጣ አጠገብ ወዳለው የአያቴ ቤት ሄጄ፣ መደብ ላይ ተቀምጠው ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው እንዝርት ሲያሾሩ ፎቶ አንስቻቸው ነበር። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ስለሆነ የፊታቸው ግማሽ በርቷል፣ ግማሹ ጥላ ውስጥ ነው፤ ከኋላቸው ያለው በጭስ የጠቆረ ግድግዳ ጨለማ ቢሆንም ጭቃውና ጭዱ ተለይቶ ይታያል። ፎቶውን በላፕቶፔ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬ፣ ማታ ማታ ሁለት ሳምንት ያህል ሠራሁበት። ስክሪኑ ላይ የነጠላቸው ክር ሳይቀር ይቆጠራል።

ለፋሲካ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ብዬ ባሕር ዳር ካለ አንድ ፎቶ ቤት በ30 በ45 ሳንቲ ሜትር አሳተምኩት። ተጠቅልሎ የመጣውን ስዘረጋው ግን የሌላ ሰው ሥራ መሰለኝ። ግድግዳው ድፍን ጥቁር ሆኗል፤ ባዘቶውን የያዘው እጃቸው ከቀሚሳቸው ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል፤ ነጠላቸው ደግሞ በቤት መብራት ሳየው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ባለ ስድስት ቀለም ታንክ ፕሪንተር ያለው ጓደኛዬ ዘንድ ሄጄ ያንኑ ፋይል በኤ4 ብናትመው ደግሞ ወደ ሐምራዊ አደላብን። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የማሽኑ ነው ወይስ የወረቀቱ? ፎቶው አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ ስለሆነ በግምት እየደጋገምኩ ማሳተም አልፈለግሁም። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ጣና ዳር፦

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ከሕትመት ሥራ ጋር ዓመታትን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ «ስክሪኑ ላይ እንዲህ አልነበረም» የሚል ደንበኛ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ችግርህ ሁለት ነው፤ ሁለቱን አትቀላቅላቸው። ጨለማው የራሱ ምክንያት አለው፣ አረንጓዴው ደግሞ የራሱ። እኔ ስለ ጨለማው ልናገር።

ማታ ማታ ስትሠራ የላፕቶፕህን ብርሃን እስከ መጨረሻ ከፍተህ እንደነበር እገምታለሁ። ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ወረቀት ግን ከክፍሉ የተቀበለውን ብርሃን መልሶ ከመስጠት በቀር የራሱ የሆነ ነገር የለውም። ብዙዎቹ ላፕቶፖች ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ) እና ከዚያም በላይ ይሰጣሉ፤ ለሕትመት የሚሠራ ሰው ግን ስክሪኑን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ባለው መካከል ያደርገዋል። ብርሃኑ ሦስት እጥፍ በሆነ ስክሪን ላይ ጨለማው ግድግዳ ስለ ደመቀልህ ፎቶው በቂ ብርሃን አለው ብለህ ተውከው። ፋይሉ ግን ድሮም ጨለማ ነበር፤ ወረቀቱ ያንን ነው ያሳየህ።

በዚህ ላይ የጥቁሩ ጥልቀት አለ። ደህና ስክሪን ላይ ነጩ ከጥቁሩ 1000 እጥፍ ያህል ይበራል። ወረቀት ላይ ነጩ ከሚያርፍበት ብርሃን 90 በመቶ ያህሉን ቢመልስ፣ የጥሩ ግሎሲ (የሚያብለጨልጭ) ወረቀት ጥቁር ግማሽ በመቶ ገደማ ይመልሳል፤ የማት (የማያብለጨልጭ) ወረቀት ጥቁር ደግሞ 2.5 በመቶ አካባቢ። ስታካፍለው ግሎሲው ላይ 180 እጥፍ፣ ማቱ ላይ 36 እጥፍ ብቻ ልዩነት ይቀርልሃል። አንድ ሺህ እርከን ባለው ደረጃ ላይ የተደረደረውን ፎቶ ሠላሳ ስድስት እርከን ባለው ላይ ለመደርደር ስትሞክር አንዳንዱ ነገር መደራረቡ አይቀርም፤ ብዙውን ጊዜ የሚደራረበውም ጥላው ውስጥ ያለው ነው።

መለኪያ መሣሪያ ባይኖርህም ይህን አድርግ። የምታሳትምበትን ዓይነት ባዶ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ፣ ፎቶው በሚታይበት ዓይነት ብርሃን ሥር አቁመው። ስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈት። ከዚያ የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ነጭ ጋር እስኪተካከል ድረስ ብርሃኑን ቀንስ። ከዚህ በፊት ስክሪኑ በርቶ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ማታ ቀለሙን ወደ ቢጫ የሚለውጠውንና እንደ ክፍሉ ብርሃን ራሱን የሚያስተካክለውን አገልግሎት ሁሉ አጥፋ። ፎቶህን መልሰህ ክፈተውና ያየኸውን ጻፍልን።

ባለ ቀይ አምፖል፦

ልጄ፣ የአያትህን ፎቶ ለማዳን መድከምህን ወደድኩት። እኔ በ1970ዎቹ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በጨለማ ክፍል ፎቶ አጥብ ነበር፤ ቀይ አምፖል፣ ሦስት ሳህን፣ አንድ ኢንላርጀር (ምስሉን አጉልቶ ወረቀት ላይ የሚጥል መሣሪያ)። በዚያን ጊዜ ስክሪን ስላልነበረ ፎቶው ከወረቀቱ ሌላ የሚነጻጸርበት ነገር አልነበረውም። እናንተ ፎቶውን መጀመሪያ በብርሃን ታዩታላችሁ፤ ከዚያ ወረቀቱ ያንን ብርሃን እንዲሆን ትጠብቃላችሁ።

ስለ አረንጓዴው የማውቀውን ልንገርህ። የድሮው የጥቁርና ነጭ ወረቀት ምስሉን የሚሠራው በብር ነው። በወረቀቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር ነገር ራሱ የብር ቅንጣት ስለሆነ ፎቶው በፀሐይም፣ በኩራዝም፣ በአምፖልም ብታየው ግራጫነቱን አይለቅም፤ እንደ ወረቀቱ ዓይነት ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ ይላል እንጂ አረንጓዴ አይሆንም። የዛሬው ፎቶ ቤት የሚያጥብበት ወረቀት ግን የቀለም ወረቀት ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብትሰጠውም ግራጫውን የሚሠራው ሦስት ቀለሞችን፣ ማለትም ውኃ ሰማያዊውን፣ ሐምራዊውንና ቢጫውን እኩል አመጣጥኖ በመደራረብ ነው። ሐምራዊው በጥቂቱ ካነሰ ፎቶው ወደ አረንጓዴ ያጋድላል፤ ከበዛ ጓደኛህ ቤት እንዳየኸው ይሆናል። የቀለም ፎቶ ላይ ይህን ያህሉን ስህተት ማንም አያየውም፤ ግራጫ ላይ ግን ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ሌላው፣ እኛ አንድን ፎቶ ሙሉውን ከማተማችን በፊት ከወረቀቱ ጣት የምታህል ቁራጭ ቀድደን፣ በካርቶን እየሸፈንን በየአምስት ሰከንዱ ብርሃን እንሰጠው ነበር። ቁራጩን የምናስቀምጠው በሰማዩ ወይም በባዶ ቦታ ላይ ሳይሆን ፊቱ ላይ ነው። ቁራጩን እርጥብ ሳለ አይቶ መፍረድም አልነበረም፤ ሲደርቅ ይጠቁራልና። የፕሪንተሩንም ቢሆን አትሞ እንደ ወጣ አትፍረድበት፤ አሳድረው።

የሞጣው፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ጣና ዳርም ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። የወረቀቱን ሙከራ ትናንት ማታ አደረግሁት። የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ጋር እስኪተካከል ስቀንስ ከመቶ ወደ 28 ወረድኩ። ከዚያ ፎቶውን ስከፍተው ከፎቶ ቤት የመጣው ሕትመት ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ፤ ግድግዳው ጥቁር፣ እጃቸውም የለም። ሁለት ሳምንት የደከምኩት ለስክሪኑ እንጂ ለፎቶው እንዳልነበረ ገባኝ። አሁን ጥላውን ማንሳት ጀምሬያለሁ። አረንጓዴው ግን ግራ እንዳጋባኝ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሕትመቱን ደጅ ይዤ ስወጣ አረንጓዴው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ቤት ሳስገባው ተመልሶ መጣ። ይህ እንዴት ይሆናል?

ዘንገና፦

ወንድሜ፣ ይህ እኔንም ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ ነገር ነው። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የሚወጡትን የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ በጥቁርና ነጭ አነሣለሁ፤ የነጩ ፈረስና የባርኖሱ ግራጫ አንድ ቦታ ትክክል ሆኖ ሌላ ቦታ ይበላሽብኝ ነበር።

ምክንያቱ ጋሼ የነገሩህ ነው፤ የሚጨመረው የመብራቱ ነገር ብቻ ነው። በሦስት ቀለሞች የተሠራ ግራጫ ግራጫ የሚሆነው የሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ ሁሉም የቀለም ዓይነት ተመጣጥኖ ሲገኝ ነው። የቀን ብርሃን የተሟላ ነው። ርካሽ የሆነ ኤልኢዲ አምፖልና ረጅሙ ነጭ መብራት ግን ለዓይን ነጭ ይምሰሉ እንጂ አንዳንዱ ቀለም ይጎድላቸዋል፣ አንዳንዱም ይበዛባቸዋል፤ ስለዚህ የተመጣጠነው ድብልቅ ሚዛኑን ይስታል። በጥቁር ቀለም ወይም በብር ብቻ የተሠራ ግራጫ ይህን ያህል አይለዋወጥም። ወረቀቱም ራሱ ይሳተፋል፤ በጣም ነጭ የሚመስሉት ወረቀቶች የሚያነጣ ኬሚካል ስላለባቸው በቀን ብርሃን ሰማያዊ ነጭ ይሆናሉ፣ ማታ በአምፖል ግን ያ ድምቀት ጠፍቶ ቢጫ ቢጫ ይላሉ።

ለዚህ ነው የፕሪንተር ሠሪዎች ለጥቁርና ነጭ ሥራ ተጨማሪ ግራጫ ቀለሞችን ያስገቡት። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ኬ3 የተባለው ቀለም ሦስት የጥቁር ደረጃዎች አሉት፤ ጥቁር፣ ፈዘዝ ያለ ጥቁርና ከዚያም የፈዘዘ። ግራጫው በአብዛኛው ከእነዚህ ስለሚሠራ የቀለሞቹ ድርሻ ያንሳል። የካኖን ትልልቅ የፎቶ ፕሪንተሮችም ግራጫ ቀለም አላቸው። የጓደኛህ ባለ ስድስቱ ግን እንደ ብዙዎቹ ከሆነ ከጥቁሩ ሌላ ያለው ሁለት የውኃ ሰማያዊ፣ ሁለት የሐምራዊና አንድ ቢጫ ነው፤ መካከለኛውንና ፈዛዛውን ግራጫ በአብዛኛው ከእነርሱ ነው የሚቀምመው። ታንኩ ውስጥ የተሞላው ቀለም ከሌላ ሠሪ የመጣ ከሆነ ደግሞ ፕሪንተሩ የሚያውቀው ቅመማ ሁሉ ይዛነፋል። በጥቁሩ ብቻ እንዲያትም ማዘዝ ይቻላል፤ ግራጫው አይዛነፍም፣ ነገር ግን ነጠላው ላይ ነጠብጣቡ እንደ ተበተነ ጤፍ ይታይሃል። ለአያትህ ነጠላ አልመክረውም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ፎቶው የት እንደሚሰቀል ወስን። ለማመሳከሪያ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 3664፣ 5000 ኬልቪን የሆነ (የቀን ብርሃን የሚመስል) ብርሃን በ2000 ለክስ (ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) ይጠይቃል፤ እንደ ቤት ላለ እይታ ደግሞ 500 ለክስ ይላል። የገጠር ቤታችን ውስጥ ማታ ይህ የለም። እኔ በበኩሌ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ የስክሪን መለኪያ መሣሪያ ብትገዙ እላለሁ፤ ዓይን ብርሃንን ቶሎ ስለሚለምድ ብቻውን አይታመንም።

ባለ ቀይ አምፖል፦

እታለም ዘንገና፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፤ በመጨረሻው ላይ ግን አልስማማም። መሣሪያው ስክሪኑን ይለካል እንጂ ፎቶ ቤት ያለውን ማሽንና የዚህን ልጅ የአያት ቤት አምፖል አይለካም። በመሣሪያው ገንዘብ ስንት የሙከራ ቁራጭ ይታተም ነበር! ዓይን እንደሚለምድ አውቃለሁ፤ ለዚያ መድኃኒቱ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ማየት ነው። ለብቻው ሲታይ ግራጫ የመሰለ ነገር ከሌላ ግራጫ አጠገብ ሲቀመጥ ያለውን ቀለም ይናዘዛል።

ጣና ዳር፦

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ጋሼ ያሉት ግን ፎቶ ቤቱ ዛሬም ነገም በአንድ ዓይነት መንገድ ካተመ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ለሞጣው ልጅ ከማተሚያው ወገን ሆኜ የምነግረው አለኝ።

ፋይሉን በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላክ፤ ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ላከው ወይም በፍላሽ አምጣው። ለ30 በ45 ሳንቲ ሜትር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3543 በ5315 ፒክስል ያስፈልጋል። ፋይሉን ግሬይስኬል (ግራጫ ብቻ የሚይዝ) አድርገህ አትስጥ፤ ፎቶሾፕ ውስጥ ግሬይስኬል «ዶት ጌን 20 በመቶ» በሚባል ፕሮፋይል (ግራጫው እንዴት እንደሚነበብ የሚገልጽ መረጃ) ሊቀመጥ ይችላል፣ የፎቶ ቤቱ ማሽን ያንን ሳያነብ ሲቀር የግራጫው ድምቀት ሁሉ ይዛነፋል። አርጂቢ (በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የሚቀመጥ ፋይል) ላይ ትተህ በኤስአርጂቢ፣ ማለትም በተለመደው የስክሪን ቀለም ደረጃ፣ አስቀምጠው። ሌላው፣ የፎቶ ቤት ማሽን እያንዳንዱን ፎቶ በራሱ ያስተካክላል፤ የአያትህን ፎቶ ከጨለማው የተነሣ «ጨልሟል» ብሎ ሊያነጣው፣ ወይም የቀለም ስህተት አለበት ብሎ ሊነካካው ይችላል። ሠራተኛውን «እባክህ አውቶማቲክ ማስተካከያውን አጥፋልኝ፤ እንዳለ አትምልኝ» በለው። በትሕትና ከተጠየቀ የሚከለክል የለም።

ጓደኛህ ዘንድ ስታትሙ ደግሞ ቀለሙን የሚያዝዘው ወይ ፎቶሾፑ ወይ ፕሪንተሩ ይሁን፤ ሁለቱም ካዘዙ ፎቶው ሁለት ጊዜ ይስተካከልና ይበላሻል። የወረቀቱንም ዓይነት በትክክል ምረጡ። ማት ወረቀት አስገብቶ «ግሎሲ» ማለት ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ያጨቀየዋል፣ ጥላውንም ይደፍናል።

የሞጣው፦

ብዙ ቀን የጠፋሁት የተባልኩትን ሁሉ በተራ እየሞከርኩ ስለነበር ነው። ምን እንዳገኘሁ በዝርዝር ልጻፍ፤ ለሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል።

ጋሼ እንዳሉኝ መጀመሪያ ቁራጭ ሠራሁ። ከነጭ (0) እስከ ጥቁር (100) በ5 በመቶ የሚጨምሩ 21 ግራጫ ሳጥኖችን ደርድሬ፣ ከጎናቸው የአያቴን ፊት፣ ባዘቶውን የያዘውን እጅና የነጠላውን ጠርዝ ቆርጬ አስገብቼ፣ በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳተምኩ፤ በዚያው ፎቶ ቤት፣ አውቶማቲኩ ጠፍቶ። በማግስቱ ሳጥኖቹን በአያቴ ቤት በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። 90፣ 95 እና 100 በመቶ የሆኑት ሦስቱ አንድ ጥቁር ሆነዋል። በፋይሌ ላይ ግድግዳው ያለው ደግሞ 92 በመቶ ላይ ነበር። ጭዱ የጠፋው ለዚህ ነው! ከርቩ (የድምቀት ማስተካከያው) ላይ ግድግዳውን አብርቼ ወደ 84 አመጣሁት፤ ድፍን ጥቁሩን ከመደቡ ሥር ላለችው ትንሽ ጥግ ብቻ ተውኩት። እጃቸውን ከቀሚሱ ለመለየት ግን አጠቃላይ ከርቩ አልበቃም፤ ያንን ቦታ ብቻ መርጬ ትንሽ ማብራት ነበረብኝ። ነጠላው ደግሞ በትከሻቸው ላይ 1 በመቶ ብቻ ስለነበረ ከባዶ ወረቀት አይለይም ነበር፤ ወደ 4 ሳጨልመው ክሩ ተመልሶ መጣ።

ቁራጮቹ ላይ አረንጓዴው ከመጀመሪያው ትልቅ ሕትመት ይልቅ በጣም ቀንሶ ነበር፤ ከፊሉ ስህተት በእርግጥ ከአውቶማቲኩ ነበር ማለት ነው። የቀረውን ዘንገና እንደነገረችኝ አምፖሉን በመለወጥ አየሁት። በቤቱ በነበረው አምፖል ሥር ትንሽ አረንጓዴ ይቀራል፤ ሞቅ ያለ ብርሃን የሚሰጥ ሌላ አምፖል ስናስገባ ግራጫው ሞቅ አለ እንጂ አረንጓዴው አይታይም። እኔ ይህን መረጥኩ። ፊታቸው በቀዝቃዛ ግራጫ ላይ የታመመ ሰው ፊት ይመስለኝ ነበር።

አሁን ያልወሰንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመስታወት ይታቀፍ ወይስ ይላሚኔት (በላስቲክ ፊልም ይለበጥ)?

ዘንገና፦

ላሚኔት አታድርገው፤ ፊልሙ ወረቀቱን እንደገና ያብለጨልጨዋል፣ በኋላም ልታላቅቀው አትችልም። መስታወት ይሁን፤ ግን መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን እንደሚመልስ አስብ። በሁለቱ ገጽ 8 በመቶ ነው፤ አንተ ደግሞ ግማሽ በመቶ የሆነ ጥቁር ነው የደከምክበት። በበሩ ትይዩ ከሰቀልከው ግድግዳው ላይ የሚታየው ጭድ ሳይሆን ደጁ ነው። ፎቶው ከመስታወቱ ጋር እንዳይጣበቅም ዙሪያውን ወፍራም ካርቶን ይግባበት፤ በክረምት እርጥበት ይጣበቃል።

ባለ ቀይ አምፖል፦

በሩ በስተቀኝ ወይም በስተግራ በሚሆንበት ግድግዳ ላይ ስቀለው። ፎቶው ውስጥ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ የመጣው ከየት በኩል ነው?

የሞጣው፦

ከግራ ነው ጋሼ። በሩ በስተግራ የሚሆንበት ግድግዳ አለ፤ ዛሬ ቁራጩን እዚያ ለጥፌ ከጠዋት እስከ ማታ አየሁት፣ ነጸብራቅም የለበትም። ትልቁን ነገ አሳትማለሁ።